ለክፉ ቀን የሚሆን ሜዳ

በነሐሴ ወር በሰሜን ወሎ ያለውን የሀብሩ ወረዳ ሜዳ በእግሩ ያቋረጠ ሰው ዋልካን ያውቀዋል። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ሲጠግብ እንደ ሊጥ ይሆናል፤ እግር ሲነሳ ጫማ ይቀራል፣ ጫማው ሲመዘዝ ደግሞ ጭቃውን እንደ ጡብ ተሸክሞ ይወጣል። ያው መሬት በጥር ሌላ ነው። ደርቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የከብት እግር እንዳይገባበት እረኛ ዓይኑን አይነቅልም። የአገሩ ገበሬ አብሮት ስለኖረ መቼ እንደሚረግጠው፣ መቼ እንደሚተወው ያውቃል።

አሁን አንድ ክፉ ቀን በሐሳባችን እንሣል። ክረምት ነው። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳ፣ በመርሳና በሲሪንቃ አድርጎ ወልድያ የሚገባው አውራ ጎዳና በጎርፍ ተቆርጧል። በሽታ ገብቶ መድኃኒት አልቋል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ቶን መድኃኒት የጫነች ትንሽ አውሮፕላን ለመነሣት ተዘጋጅታለች። ከሰማይ ሲታይ ከመርሳ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር እየዘቀዘቀ የሚሄደው ሜዳ ሰፊ ነው። ታዲያ ምን ትጠብቃለች? ለምን ሄዳ አታርፍም?

መልሱ በአራት ቦታ ተከፋፍሎ ይገኛል፦ በአየሩ፣ በአፈሩ፣ በሕጉና መሬት ላይ ቆመው በሚቀበሏት ሰዎች ዘንድ። አራቱንም አንድ በአንድ ስናያቸው ወደ አንድ እውነት ያደርሱናል። እርዳታ የያዘ አውሮፕላን በክፉ ቀን የሚደርሰው በደህናው ቀን በተሠራ ሥራ ነው። አባቶቻችን “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ቀጭኑ አየር

አውሮፕላን የሚነሣው አየርን ወደ ታች ገፍቶ ነው። ክንፉም ሞተሩም እንጀራቸው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ። አየር ደግሞ በከፍታም በሙቀትም ይሳሳል። ወሎ ላይ ሁለቱም አሉ።

መርሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1600 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአቪዬሽን ባለሙያዎች ለስሌታቸው መነሻ የሚያደርጉት “መደበኛ አየር” በባሕር ጠለል 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ፣ ወደ ላይ በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ እየቀዘቀዘ የሚሄድ ነው። በዚህ ሚዛን የመርሳ መደበኛ ሙቀት 5 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። የመርሳ ቀትር ግን 30 ዲግሪ መድረስ አያቅተውም። ያን ቀን የመርሳ አየር የሚሳሳው መደበኛው አየር በ2500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚሳሳውን ያህል ነው። ካርታው 1600 ይላል፤ ክንፉ ግን 2500 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል። በባሕር ጠለል ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር ከአምስት እጅ አንዱ ጎድሏል።

ይህ ጉድለት በማኮብኮቢያው ርዝመት ይከፈላል። በቀጭን አየር ውስጥ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ መፍጠን አለበት፤ ሞተሩ ግን ደክሟል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጎ ይንደረደራል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በአጭሩ ኢካኦ፣ ለማኮብኮቢያ ንድፍ የሚጠቀምበት ስሌት ቀላል ነው። በባሕር ጠለል በሚበቃው ርዝመት ላይ ለየ300 ሜትር ከፍታ 7 በመቶ፣ ከመደበኛው ለሚበልጥ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት ደግሞ 1 በመቶ ይጨመራል። ይህን ለመርሳ ብናሰላው፣ በባሕር ጠለል 1000 ሜትር የሚበቃት አውሮፕላን እዚህ በቀትር ከ1700 ሜትር በላይ ትፈልጋለች። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጭማሪ አለ። ይኸው መመሪያ የከፍታውና የሙቀቱ ጭማሪ አንድ ላይ ከ35 በመቶ ሲያልፍ ቀመሩ ብቻውን አይበቃም፣ ለቦታው የተለየ ጥናት ይደረግ ይላል። መርሳ ከዚያ ወሰን እጅግ አልፋ ትገኛለች። በዓይን ገምቶ “ሜዳው ይበቃል” ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ማኮብኮቢያው አጭር ሲሆን የሚቀረው መፍትሔ ጭነት መቀነስ ነው፤ ይህም ማለት መድኃኒቱን ወይም ነዳጁን መቀነስ ነው። ሌላው ዘዴ ጠዋት መብረር ነው። ማለዳ አየሩ ቀዝቃዛና ወፍራም ነው፤ ነፋሱም ገና አልተነሣም። በደጋው የሚሠሩ አብራሪዎች ፀሐይ ሳትበረታ ጨርሰው ለመመለስ የሚጣደፉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚያ ተራራው አለ። ወልድያ በተራሮች መሐል የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ላሊበላ ሲኬድ አቡነ ዮሴፍ ከ4200 ሜትር በላይ ይቆማል። ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት፣ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀረው ሞተር ብቻ ከፊቱ ያለውን ጋራ መዝለል መቻሉ ተሰልቶ መታየት አለበት። የክረምት ደመና ተራራውን ሲሸፍነው ደግሞ አብራሪው የሚመራበት በጥናት የተዘጋጀ የአቀራረብ መስመር ያስፈልገዋል። ያ መስመር የሚሠራው በቅየሳና በሙከራ በረራ ነው፤ ጎርፍ በመጣ ሳምንት የሚደርስ አይደለም።

ዋልካውን በመዶሻ

አሁን ወደ አፈሩ እንውረድ። የአፈር ጥንካሬን ለመለካት ሜዳ ላይ የሚወሰድ አንድ መሣሪያ አለ። ቀጭን የብረት ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ጦር የሾለ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ሾጣጣ ብረት አለው። በዘንጉ ላይ 8 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ተሰክቷል። ባለሙያው መዶሻውን 57.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ይለቀዋል፤ ሾጣጣው ወደ መሬት ይገባል። ከጎኑ ማስመሪያ አለ። ረዳቱ “አንድ” ብሎ ስንት ሚሊ ሜትር እንደገባ ይጽፋል፤ “ሁለት” ብሎ እንደገና ይጽፋል። ከዚያ ጥቂት ርምጃ ሄደው እንደገና ይጀምራሉ። ሥራው ይኸው ነው፤ ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ ወገብ ይቆርጣል፣ መዝገቡ ግን ወርቅ ነው።

በደረቅ ወር መዶሻው ሲወድቅ ዘንጉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገብቶ ይቆማል። በነሐሴ በዚያው ቦታ አንድ ምት ብዙ ሊያሰጥመው ይችላል። ምክንያቱ በአፈሩ ውስጥ ያለው ሸክላ ነው። የዋልካ ሸክላ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረቡ ስስ ንጣፎች አሉት፤ ውሃ በንጣፎቹ መካከል ሲገባ ይገፋፋቸዋል፣ አፈሩ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ውሃው ሲወጣ ንጣፎቹ ይሰበሰባሉ፣ አፈሩ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። አንድ ሜዳ በዓመት ውስጥ ሁለት ጠባይ አለው ማለት ነው።

አውሮፕላን ደግሞ እንደ ጭነት መኪና ክብደቱን በብዙ ጎማ አያከፋፍልም። በጥቂት ጎማዎች፣ በትንሽ የመሬት ስፋት ላይ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ይረግጣል። ጎማው ከሰጠመ የፊት እግሩ ሊሰበር፣ አውሮፕላኑም በአፍንጫው ሊተከል ይችላል። ያን ጊዜ ማኮብኮቢያው ተዘጋ፤ የሚከተለው አውሮፕላን ማረፊያ የለውም። አንድ ስህተት የአንድ በረራ ጉዳት ሆኖ አይቀርም፤ በሩን በሙሉ ይዘጋል።

የቶን ሒሳብ

አውሮፕላን ምን ይጭናል የሚለውን በእህል እናስላው። በአገራችን የተለመደው የእርዳታ መጠን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው። መቶ ሺህ ሰው ለመቀለብ በወር 1500 ቶን፣ በእኛ አቆጣጠር 15 ሺህ ኩንታል ያስፈልጋል። 400 ኩንታል የሚጭን ባለ ተሳቢ መኪና 38 ጊዜ ቢመላለስ ያደርሰዋል። 15 ቶን የሚያነሣ የሄርኩለስ ዓይነት ጭነት አውሮፕላን ግን 100 ጊዜ መብረር አለበት፤ በየቀኑ ከሦስት በረራ በላይ፣ ያለ እሑድ፣ ያለ ደመና፣ ያለ ብልሽት።

በመድኃኒት ስናስላው ደግሞ ሚዛኑ ይገለበጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአደጋ ጊዜ ያዘጋጀው የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ጥቅል ለ10 ሺህ ሰው ለሦስት ወር እንዲበቃ የተሰናዳ ነው፤ ክብደቱ በአንድ ቶን አካባቢ ነው። ሴስና ካራቫን የምትባለው ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ይህን ያህል ትችላለች። ያው አንድ ቶን እህል ቢሆን ለ66 ሰው የአንድ ወር ቀለብ ነው። አንድ በረራ፣ አንድ ቶን፤ በአንዱ 66 ሰው፣ በሌላው 10 ሺህ ሰው።

ስለዚህ እህል በመኪና፣ መድኃኒት፣ ክትባት፣ ለሕፃናት የሚሆን አልሚ ምግብ፣ ሐኪምና የመገናኛ መሣሪያ በአውሮፕላን ነው ትክክለኛው ክፍፍል። ይህ ክፍፍል የሚፈርሰው መንገድ ጨርሶ ሲዘጋ ብቻ ነው። ወሎ ያን ቀን አይቶታል።

ከሰማይ የወረደው ጆንያ

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሕዝቡን ከየቀበሌው አውጥቶ በዚሁ በደሴ ወልድያ አውራ ጎዳና ዳር አሰፈረው። መንገዱ ዳር ለደረሰ ሰው እህል ይመጣ ነበር፤ ከጋራው ጀርባ ለቀረው ግን መድረሻ አልነበረም። በዚያ ዘመን አንድ ስዊድናዊ አብራሪ ለዚህ ችግር መላ አመጣ። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ኢትዮጵያን በ1928ቱ የጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን በማብረር ያወቃት፣ ከነጻነት በኋላም የአየር ኃይላችንን ያደራጀ ሰው ነው። በ1966 ዓ.ም. ለሁለት ሰው በተሠሩ ጥቃቅን አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር የእህል ከረጢት አንጠልጥሎ፣ መሬቱን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ብሎ እየበረረ፣ መኪና ለማይገባባቸው መንደሮች ጣለ። ፎን ሮዘን በሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ሕይወቱን ሰጠ። ቦምብ የሚጣልበትን ዘዴ ለእህል ማዋል እንደሚቻል ያሳየው ግን ለዘመናት የሚቀር ነው።

ከ1966ቱ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል ቡርክና መሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የቀረጹት ዜና በቢቢሲ ታየ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች አዲስ አበባ ገቡ። የምዕራብ ጀርመን ትራንዛሎች፣ የሶቪየት አንቶኖቮች፣ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም ተሰለፉ። በሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ይመራ የነበረው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሥራውን ያቀናጅ ነበር። በዓለም ፖለቲካ ጎራ ለይተው የሚተያዩ አገሮች በአንድ የአየር ክልል ውስጥ፣ በአንድ የበረራ መቆጣጠሪያ ሥር፣ ለአንድ ዓላማ በረሩ። እንግሊዞቹ እስከ ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. ቆዩ።

እንደ መቀሌና አክሱም ባሉ ቦታዎች አውሮፕላኖቹ ያርፉ ነበር። ማረፊያ በሌለባቸው ደጋዎች ግን ሄርኩለሱ የኋላ በሩን ከፍቶ፣ ከመሬት 15 ሜትር ገደማ ድረስ ዝቅ ብሎ እህሉን ያፈስስ ነበር። ይህን ነገር በቅርበት እንየው፤ ፊዚክሱ ግሩም ነው። ከ15 ሜትር የተለቀቀ ጆንያ መሬት ለመድረስ ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም። ሲወድቅ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ይኖረዋል። ግን በዚያው ቅጽበት የአውሮፕላኑን ፍጥነት ይዞ ወደፊትም ይሄዳል፤ አውሮፕላኑ በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ቢበርር ጆንያው ከተለቀቀበት 100 ሜትር አልፎ ይወድቃል። መሬት ከነካ በኋላም ይንከባለላል። ጆንያ ተደራርቦ የሚለብሰው ስለዚህ ነው። ውስጠኛው ጠበቅ ያለ ነው፤ ሲወድቅ ቢቀደድ፣ ላላ ብሎ የተሰፋው የውጭው ጆንያ እህሉን ሳያፈስስ ይይዘዋል።

ለዚህ ሁሉ መሬት ላይ ሰው ያስፈልጋል። የመጣያው ሜዳ መመረጥ፣ ወሰኑ መታየት፣ ሕዝቡና ከብቱ መራቅ አለበት። በዚያ ፍጥነት የሚመጣ ጆንያ ሰው ይገድላል። በሄሊኮፕተር ቀድመው እየገቡ ሜዳውን የሚመርጡና የሚጠብቁ ሰዎች ባይኖሩ ያ ሥራ አይሳካም ነበር። ጆንያው የሚጣለው ከሰማይ ነው፤ ሥራው ያለው ግን ምድር ላይ ነው።

ፈቃድ የሕይወት ጉዳይ ነው

“ሰው እየሞተ ስለ ፈቃድ ይወራል?” የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ጥያቄው ከቅን ልብ ይመጣል። መልሱም ቅን መልስ ይገባዋል።

የሲቪል አቪዬሽን ሕግ መሠረት በ1937 ዓ.ም. በቺካጎ የተፈረመው ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚ አገሮች አንዷ ናት። ስምምነቱ እያንዳንዱ አገር ከምድሩ በላይ ባለው አየር ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ይቀበላል። የሌላ መንግሥት ወታደራዊ አውሮፕላን፣ እህልም ቢጭን፣ ያለ ልዩ ፈቃድ መግባት አይችልም። ከዚሁ ስምምነት ጋር የተያያዘው አባሪ 9 ግን ለእርዳታ በረራዎች የተለየ ቦታ ሰጥቷል። የተባበሩት መንግሥታት ዕውቅና በሰጣቸው ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ወይም በመንግሥታት ስም የሚደረጉ የእርዳታ በረራዎች እንዲገቡ፣ እንዲወጡና እንዲያልፉ አባል አገሮች ማመቻቸት፣ ደኅንነታቸውንም መጠበቅ አለባቸው። ሰዎቹና ዕቃው ሳይዘገዩ እንዲስተናገዱ ያዝዛል።

በአገራችን ይህን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። የበረራ ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ነው፤ የአየር ትራፊኩን የሚመሩት ተቆጣጣሪዎችም የእሱ ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያዎቹን የሚያስተዳድረው ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ነው። መድኃኒቱ በጉምሩክ ማለፍ አለበት፤ የትኛው ወረዳ ምን እንደሚፈልግ የሚያውቀው የአደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ነው። እያንዳንዱ የየራሱን ወረቀት ይዞ ተራ ቢጠብቅ ቀናት ይነጉዳሉ። አስቀድመው ቅጹን አንድ አድርገው፣ ማን ለማን እንደሚደውል ተስማምተው ከተቀመጡ ግን ያው ሕግ በሰዓታት ውስጥ ይፈጸማል። ስለዚህ የሚያዘገየው ሕጉ አይደለም፤ ለሕጉ አለመዘጋጀት ነው።

የደኅንነቱን ክፍል አቃልለን እንዳናየው ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። በአሜሪካ ምክር ቤት የረሃብ ጉዳይ ኮሚቴን ያቋቋሙትና የመሩት ሚኪ ለላንድ ጋምቤላ ውስጥ ያለውን የፉኝዶ የስደተኞች መጠለያ ለመጎብኘት ከአዲስ አበባ በትንሽ አውሮፕላን ተነሡ። በመጥፎ አየር ውስጥ አውሮፕላኗ ከተራራ ጋር ተጋጨች፤ የነበሩባት 16 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ስብርባሪዋ የተገኘው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ነበር። ዓላማ የቱንም ያህል የተቀደሰ ቢሆን ተራራው አይራራም። የአየር ጠባይ መረጃ፣ የበረራ ዕቅድ፣ የፍለጋና ነፍስ አድን ዝግጅት የእርዳታ በረራን የሚያዘገዩ ሳይሆኑ የእርዳታ በረራን የሚያደርሱ ነገሮች ናቸው።

ጠባቡ በር

አውሮፕላኑ አረፈ እንበል። ከዚያስ? በጥር 2002 ዓ.ም. ሄይቲን ርዕደ መሬት ሲመታት ዓለም በሙሉ እርዳታ ላከ። የፖርት ኦ ፕሪንስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን አንድ ማኮብኮቢያ፣ ጥቂት የአውሮፕላን መቆሚያ ነበረው፤ የመቆጣጠሪያ ማማውም ተጎድቶ ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል ተቆጣጣሪዎች ከማኮብኮቢያው ጎን ጠረጴዛ ዘርግተው በእጅ ራዲዮ አውሮፕላኖቹን ማስተናገድ ጀመሩ። መቆሚያ ሲሞላ የመጡት አውሮፕላኖች በሰማይ እየዞሩ ቆዩ፤ አንዳንዶቹም ወደ ሌላ አገር ተመለሱ። እርዳታው አልጠፋም፤ በሩ ጠበበ።

የኔፓሏ ካትማንዱ ሌላ ትምህርት ሰጠች። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ የእርዳታ ዕቃ መቀበያና ማከማቻ ሥፍራ ከፈተ። ሚያዝያ 17 ቀን ርዕደ መሬቱ መጣ። መጋዘኑ ተዘጋጅቶ፣ ቦታው ተለይቶ ስለነበር ዕቃው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚገባበት ቤት አገኘ። ያም ሆኖ ብቸኛው ማኮብኮቢያ በከባድ አውሮፕላኖች ብዛት ተጎድቶ፣ ከ196 ቶን በላይ የሚመዝኑ አውሮፕላኖች እንዳያርፉ ተከለከለ። የተዘጋጀው ክፍል ሠራ፤ ያልተዘጋጀው ክፍል ተሰበረ።

ከእኛም ቤት መልካም ምሳሌ አለ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ዓለምን ሲዘጋ፣ ቦሌ ለአፍሪካ የሚሆን የሕክምና ዕቃ ማዕከል ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት የአጋርነት በረራ ከዚያ ተነሣ። ቦሌ ያን ሥራ የቻለው በዚያ ሳምንት ስለተሯሯጠ አልነበረም። ጭነት የሚያነሣ መሣሪያ፣ ቀዝቃዛ ክፍል፣ የሠለጠነ ሠራተኛና ወደ ብዙ የአፍሪካ ከተሞች የሚበር አየር መንገድ ከዚያ በፊት ስለነበረው ነው።

ትንሽ ማረፊያም የራሱ ዝርዝር አለው። የእሳትና የነፍስ አድን መኪና ወደ የትኛውም የማኮብኮቢያ ጫፍ ከሦስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ መድረስ አለበት። የአውሮፕላን ነዳጅ መኖር አለመኖሩ መታወቅ አለበት፤ ከሌለ አውሮፕላኑ የመመለሻውን ነዳጅ ተሸክሞ ስለሚመጣ ጭነቱ ይቀንሳል። ፎርክሊፍት ከሌለ ስንት ወዛደር እንደሚያስፈልግ ይቆጠራል። ማታ መብራት ከሌለ ሥራው በቀን ብርሃን ይወሰናል። ከዚህ አንዱ ሲለወጥ ኖታም የሚባለው ማስታወቂያ ለአብራሪዎች ሁሉ ይወጣል፤ “ይህ ማኮብኮቢያ ዛሬ እንዲህ ሆኗል” የሚል አጭር መልእክት ነው። ያን መልእክት የሚጽፍ፣ እውነቱንም በዓይኑ አይቶ የሚያረጋግጥ ሰው ግን ቦታው ላይ ሊኖር ይገባል።

ሁለቱም በሮች ሲዘጉ

ወልድያ መደበኛ በረራ የሚያስተናግድ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ሰሜን ወሎ የሚጠቀመው በሹምሽሃ ባለው በላሊበላ ማረፊያ ነው፤ በደቡብ በኩል ደግሞ ኮምቦልቻ አለ። ከኮምቦልቻ መርሳ በመኪና ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። የላሊበላው መንገድ በጋሸና ዞሮ በደጋው ስለሚያልፍ ይረዝማል።

በሰላም ጊዜ ሁለት በር በቂ ይመስላል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ሲደርስ ላሊበላ ተዘጋ፤ በጥቅምት 2014 መጨረሻ ኮምቦልቻም ተከተለ። የዞኑ ሕዝብ ሁለቱም በሮች በአንድ ጊዜ የተዘጉበትን ጊዜ ኖሮበታል። መንገድ፣ መብራት፣ ስልክ፣ ባንክ አብረው ጠፉ፤ መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድ ሕመምተኛ፣ ምጥ የያዛት እናት ምን እንደሆኑ የወልድያና የመርሳ ሰው ማንም ሳይነግረው ያውቃል። በዚያው ዘመን በትግራይም የተባበሩት መንግሥታት ሰብአዊ የአየር አገልግሎት በረራዎች ተቋርጠው ነበር፤ ስቃዩ በሁለቱም ወገን አንድ ነው። በኋላ ሁለቱም ማረፊያዎች ከደረሰባቸው ጉዳት ተጠግነው ሥራ ጀመሩ። ትምህርቱ ግን ገና አልተጻፈም።

ትምህርቱ ይህ ነው፦ ሦስተኛ በር ያስፈልጋል፤ ሦስተኛው በር ደግሞ ብዙ ሚሊዮን የሚፈጅ ሌላ አስፋልት ማኮብኮቢያ መሆን የለበትም።

በደህናው ቀን

ሄሊኮፕተር ማኮብኮቢያ አይፈልግም። የሚፈልገው ጠንካራ፣ ደልዳላ፣ የመብራት ሽቦና ረጅም ዛፍ የማያዋስነው ሜዳ ነው። ክንፉ የሚነዛው ነፋስ ያልተመታ ቆርቆሮና የጭድ ክምር ያነሣል፣ አቧራው የአብራሪውን ዓይን ይጋርዳል፤ ስለዚህ ሜዳው ከመንደር ራቅ ያለ፣ ውሃ የሚርከፈከፍበት፣ ከሕዝብ የሚጠበቅ ይሁን። በየቀበሌው እንዲህ ያለ ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ነው። የጎደለው ቦታው አይደለም፤ የተጻፈ መረጃው ነው።

ይህን የሚሠሩ እጆች በአካባቢው አሉ። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሀብሩን አፈርና አየር ለዓመታት ያጠናል። መርሳ ላይ የግብርና ኮሌጅ አለ፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አላት። የየሜዳውን ከፍታና ርዝመት መለካት፣ በየወሩ የቀትሩን ሙቀት መመዝገብ፣ ያን ባለ 8 ኪሎ መዶሻ ይዞ በጥር አንድ ጊዜ፣ በነሐሴ አንድ ጊዜ አፈሩን መፈተሽ ለተማሪዎች ጥሩ የመስክ ትምህርት፣ ለወረዳው ደግሞ የሕይወት መዝገብ ይሆናል። ውጤቱ በባለሥልጣኑ ባለሙያዎች ተመርምሮ በሰነድ ሲቀመጥ፣ አብራሪው የማያውቀውን ሜዳ በዓይን እየገመተ አይመጣም።

ከዚያ በዓመት አንድ ቀን ልምምድ ይደረግ። ኮምቦልቻ የወረደ አንድ ካርቶን ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ እንዳለ፣ መርሳ ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስኪገባ በሰዓት ይለካ። የት እንደቆመ፣ ማን ስልክ እንዳላነሣ፣ የትኛው ወረቀት እንደጎደለ ያኔ ይታያል። ጉድለት በልምምድ ቀን ሲገኝ ይጠገናል፤ በክፉ ቀን ሲገኝ ግን ሰው ይሞትበታል።

ከሁሉም በፊት የሚጠየቅ ሰው አለ። ያ በመጀመሪያ ያነሣሁት የሀብሩ ገበሬ ከአባቱ ጋር ባረሰው ሜዳ ላይ የትኛው ጠርዝ በነሐሴም እግር እንደማይውጥ፣ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ነፋሱ በቀትር ከየት እንደሚነሣ ያውቃል። መሐንዲሱ መዶሻውን ይዞ ሲመጣ ገበሬው “እዚህ ጋ ምታ” ይበለው። አንዱ “ሃያ ሚሊ ሜትር” ብሎ ሲጠራ ሌላው ይጻፍ። ያቺ ቁጥር ዛሬ ተጽፋ ከተቀመጠች፣ መንገዱ በተቆረጠ ቀን አዲስ አበባ ላይ የተዘጋጀችው ትንሽ አውሮፕላን የምትጠብቀው ነገር አይኖርም።